ከቅሬ የወጣችው ሲስተር

በገንደወይራ ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከሙስሊሞቹ መቃብር በላይ ባለችው ጉብታ። ቀበሌዋ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ገደል ሥር የተለጠፈች ናት። ጤና ጣቢያው ደጅ ቆሞ ሃሎ የሚል ሰው የራሱን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ጁምዓ ጁምዓ ጉብታዋ ላይ ይወጣል። ይጮኻል፣ ይመርቃል፣ ዓይኑን ጠርጎ ይወርዳል።

ሲስተር ሀውራ እንድሪስ ግን በየቀኑ ትወጣ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ነጭ ጋወኗን ታወልቃለች፤ ሻሿን ታጠብቃለች፤ ስልኳን ድንጋይ ታስደግፍና ጆሮዋ ላይ የማዳመጫውን ገመድ ሰክታ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ አትወርድም።

«ከማን ጋር ብታወራ ነው እንዲህ የሚያስቀምጣት?» ይባባላሉ ከምንጭ የሚመለሱት ሴቶች።

«ጅዳ አንዱን ይዛ ይሆናል።»

«ኧረ እቴ! ጅዳ ያለ ሰው በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚያወራበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ግመል ጠባቂ ነው በይኛ!»

ይሳሳቃሉ። ሳቁ ጉብታዋ ድረስ ይሰማል። ሀውራ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

የምታወራው ከባል ጋር አልነበረም። ባሏ ሪያድ ሄዶ፣ እዚያው ሌላ አግብቶ ከቀረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እናቷ ሐይቅ ከተማ ናቸው። ገንደወይራ ውስጥ ያላት አንድ የኪራይ ክፍልና ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችበት ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ጉብታዋ ላይ የምትማረው ትምህርት ነበር፤ የነርስ ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ የሚያሳድግ፣ ባሕር ማዶ ያለ ትምህርት ቤት በኢንተርኔት የሚሰጠው።

እዚያ ድረስ የሄደችው ወዳ አይደለም። ደረጃ ለማሻሻል ሦስት ጊዜ ተመዝግባለች። ሦስተኛው በ፪ ሺህ ፲ ዓ.ም. ነበር፤ ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ተስፋ ያደረገበት ዓመት። ውጫሌ ወርዳ የተለጠፈውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበች። ስሟ የለም። በዚያው ዓመት አንዲት ወላድ በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ ስትወርድ መንገድ ላይ እጇ ላይ ሞተችባት። ደም ነበር። ሀውራ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ሊደረግ የሚገባውን ሁሉ ግን አታውቅም ነበር። ያ ልዩነት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሣት። ማስረጃው አገር ውስጥ የሚያገለግል መሆኑን አጣርታ ተመዘገበች።

ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ከአቶ ዝናቡ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር «ልትሄድ ነው» ይሏታል። ብትወድቅ «ድሮስ» ይሏታል። ዝም ማለት ቀለላት። የእሷ ጥፋት ይህ ነው፤ መታለፍ የለበትም።

የሌሎቹ ጥፋት ደግሞ ከቅሬው ይጀምራል። ቅሬ በሌላ አገር ዕድር የሚባለው ነው። በገንደወይራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ አለው። ሰው ሲሞት ሥራ ይቆማል። ወንዱ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፤ ሴቷ እንጨትና ውሃ ይዛ ለቅሶ ቤት ትውላለች። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን እንቢ ያለ ከቅሬ ይወጣል። የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፤ ሲሞትም ቀባሪ የለውም። ደግ ሕግ ነው። ብዙ ሰው ያኖረ ሕግ ነው።

በ፪ ሺህ ፲፫ ግንቦት ላይ የቅሬው ዳኛ የአቶ ኑርዬ እናት፣ እማ ሰዓዳ፣ ንጋት ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው ከዘጠና ያልፋል። ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ የጎናቸውን ቁስል በየሁለት ቀኑ የምታጥብላቸው ሀውራ ነበረች። የመጨረሻው ማሰሪያ የታሰረው በዋዜማው ነው፤ በእሷ እጅ።

ያ ቀን የሦስት ዓመት ትምህርቷ የመጨረሻ የቃል ፈተና ቀን ነበር። ሰዓቱ ከወር በፊት ተቆርጧል፤ ሰባት ሰዓት ላይ።

ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄደች። አለቀሰች። ውሃ ቀዳች። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ለማንም ሳትናገር በጓሮ ወጥታ ወደ ጉብታዋ ሄደች። ጨርሼ እመለሳለሁ ብላ ነበር። ጀናዛው ከዙህር ሶላት በኋላ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ መቃብሩም ከጉብታዋ ሥር እንደሆነ ታውቃለች። ሌላ ቦታ ግን ስልክ አይሠራም።

ፈታኟ መነጽር ያደረጉ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሴት ናቸው። ከፈተናው በፊት አጠገቧ መልስ የሚነግራት ሰው አለመኖሩን ማየት አለባቸው። ሕጋቸው ነው። ስልኩን አንሥታ ዙሪያዋን እንድታሳያቸው አዘዟት። ሀውራ ተነሣች። ስልኩን ይዛ ቀስ ብላ ዞረች። በዚያው ቅጽበት ወንዶቹ እማ ሰዓዳን ወደ ጉድጓዱ እያወረዱ ነበር።

ከታች ያየ ሰው ምን ያያል? አንዲት ሴት መቃብር ላይ ስልክ ደግና ቆማለች።

መጀመሪያ ያያት የኑርዬ ልጅ ሐሰን ነው። ሐሰን አራት ዓመት ሳዑዲ ኖሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ሀውራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ከኋላዋ ደርሶ ስልኩን ከድንጋዩ ላይ ነጠቃት።

«የአያቴን ጀናዛ ትቀርጫለሽ?»

«ሐሰን፣ ስጠኝ! ፈተና ላይ ነኝ! ወላሂ ፈተና ነው!»

ሐሰን የስልኩን መስተዋት አየ። ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት በማያውቀው ቋንቋ ይናገራሉ። ዘጋው። ሰው ከፎቅ ሲወድቅ፣ ሴት ስትደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ እዚያ በሰው አገር ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቷል። ይህንንም ያንን መሰለው። ስልኩን የመለሰላት ማታ ነው።

ትምህርት ቤቱ በማግሥቱ ጻፈላት። በፈተናው መካከል ሌላ ሰው ታይቷል፤ ከዚያም ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ ይህ እንደ ማታለል ይቆጠራል። ማስረዳት የምትፈልግ ከሆነ፣ በቦታው የነበረ ሰው የሆነውን ጽፎና ፈርሞ ይስጣት። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካላቀረበች መዝገቧ ይዘጋል። የሦስት ዓመቱ ልፋት አንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። ያንን ወረቀት ሊጽፍ የሚችለው ደግሞ መቃብሩ ላይ የነበረው ቅሬ ብቻ ነው።

ቅሬው በሳምንቱ ከሾላው ሥር ተቀመጠ። ሀውራ መሐል ቆመች፤ ስለ ትምህርቷ የሚያውቀው ዝናቡ በዚያ አልነበረም።

«ሀውራ እንድሪስ፣» አሉ ኑርዬ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። «የእናቴን ጀናዛ ቀርጸሻል ወይስ አልቀረጽሽም?»

«አልቀረጽሁም፣ ጋሽ ኑርዬ። ፈተና ላይ ነበርሁ። ፈታኟ ዙሪያሽን አሳዪኝ ስላሉኝ ነው ስልኩን ያዞርሁት። ሰው አጠገቤ ሆኖ መልስ እንዳይነግረኝ ነው።»

«መቃብር ውስጥ ያሉት ናቸው መልስ የሚነግሯት?» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅ ሆነ።

የቅሬው ጸሐፊ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ አልሳቁም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ተምረው ያደጉ፣ ማኅተሙ በእጃቸው ያለ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ሐሰን ዞሩ። «ስልኩ አንተ ዘንድ ውሏል። የተቀረጸ ነገር አየህበት?»

«አጥፍታዋለች።»

«አየህ ወይ ነው ያልሁህ።»

«አጥፍታዋለች አልሁዎ እኮ፣ መሪጌታ!»

ኑርዬ እጃቸውን አነሡ። «በቃ። ሀውራ፣ አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ በይ። ሁለተኛ እዚያ ጉብታ ላይ አልወጣም ብለሽ ማይ። ይቅር እንልሻለን።»

ሀውራ ቀና አለች። «ከለቅሶ ቤት ሳልናገር መውጣቴን አፉ በሉኝ። የሚገባውን ቅጣት እቀበላለሁ። ያልቀረጽሁትን ቀርጫለሁ ግን አልልም። ጉብታውንም አልተውም። ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሐሰን ስልኩን የወሰደብኝ በስሕተት መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ጻፉልኝ። ያለዚያ ትምህርቴ ይቀራል።»

«እንዴ! ጭራሽ ከሳሽ ሆና መጣች!» አለ ያ ከኋላ ያለው ሰው። ጉባኤው ጉም ጉም አለ።

ኑርዬ ተነሡ። «እንግዲያው ከቅሬ ወጥታለች። እሳት አይጫርላት። ሰላምታ አይሰጣት። ደጇ አይረገጥ።»

«ሕመምተኛስ?» አሉ መሪጌታ።

«የታመመ ዝናቡ ዘንድ ይግባ።»

«ወላድስ? ዝናቡ አዋላጅ አይደለም።»

ኑርዬ ለአፍታ ተንተባተቡ። «ወላድም ቢሆን» አሉ።

መሪጌታ ማኅተሙን ከፍ አድርገው አሳዩና ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ ይህን አላትምም። ቅሬ የሠራነው ቀባሪ የሌለው ሰው እንዳይኖር ነው። ጠያቂ የሌለው ሰው እንድንፈጥር አይደለም።»

«ማኅተም አያስፈልገውም» አሉ ኑርዬ። «አፌ ይበቃል።»

በቃ፤ አፋቸው በቃ።

ሀውራ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ አንሥተው ይሄዳሉ። የከተበቻቸው ልጆች ከእሷ ጋር ሲገናኙ መንገድ ይሻገራሉ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የዝናቡ በር ላይ ሰልፉ ደጅ ይደርሳል፤ የእሷ አግዳሚ ባዶ ነው። ጠዋት ገብታ የወላዶቹን መዝገብ ትገልጣለች። ኡሙሀኒ፣ የሐሰን ሚስት፣ ሦስት ወር። ኡሙሀኒ፣ አልመጣችም። ኡሙሀኒ፣ አልመጣችም። የመጀመሪያ ልጇን ያዋለደቻት ሀውራ ነበረች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ኡሙሀኒ ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ነበር፤ አማቷ ሀጀራ ከኋላ ስትመጣ አየችና አቀርቅራ አለፈች።

ሀውራ ክረምቱን እንዲህ አሳለፈች። ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሳታወጣ የምትውልበት ጊዜ ስለ በዛ፣ ማታ ብቻዋን ስትናገር ጉሮሮዋ ይሻክራል። ከዝናቡ በቀር ስሟን የሚጠራ ሰው አንድ ብቻ ቀረ፤ በስልክ የምትጽፍላት ባሕር ማዶ ያለች አስተማሪ። «ውድ ሀውራ» ብላ ትጀምራለች። «ውድ ሀውራ፣ ደብዳቤው ደረሰሽ?» ሀውራ «ገና ነው» ብላ ትመልሳለች። ሁለት ጊዜ ወደ ኑርዬ ደጅ ሄደች። ሁለት ጊዜ በር አልተከፈተላትም። ዝናቡ የራሱን ደብዳቤ ጻፈላት። ትምህርት ቤቱ በቦታው ያልነበረ ሰው ምስክር አይሆንም ብሎ መለሰው። መሪጌታም ያን ዕለት ከጉብታዋ ርቀው ነበርና የሆነውን አላዩም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በጥቅምት የመድፉ ድምፅ ከታች ከአስፋልቱ ወገን ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ ጉብታዋ ላይም ስልክ ጠፋ። የትምህርት ቤቱ ቀነ ገደብ፣ ጥቅምት ሠላሳ፣ ዝም ብሎ አለፈ። ዝናቡ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ ወረደ። ሀውራንም «ነይ እንሂድ፤ እዚህ ማን አለሽ?» ብሏት ነበር። እሷ ግን የመዝገቡን ቀን ቆጥራለች። በኅዳር የሚወልዱ አራት ሴቶች አሉ። አይጠሯት ይሆናል። ቢሆንም ቀረች። ጤና ጣቢያው በኅዳር መጀመሪያ ተዘረፈ፤ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ በሩ ሳይቀር። እሷ ያተረፈችው በአንድ የትከሻ ቦርሳ የያዘችውን ነው፤ ጓንት፣ መቀስ፣ ትንሽ የሕፃን መተንፈሻ፣ ጥቂት ብልቃጥ መድኃኒት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ኡሙሀኒ ምጥ ያዛት።

ሀውራ ሰማች። አጥሩ ቅርብ ስለሆነ ጩኸት አይደበቅም። ንጋት ላይ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ሀጀራ ደጁ ላይ ቆማ ነበር።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም፣ እትዬ ሀጀራ። ምጡ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በእኛ ጀናዛ ላይ ስልክ ያዞረች እጅ ምራቴን አይነካም። ሂጂልኝ።»

«ልየት ብቻ። አይቼ እሄዳለሁ።»

«ሂጂ አልሁሽ!»

ተመለሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ደጇ ላይ ተቀመጠች።

እዚያ ተቀምጣ ያየችውን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አንድ ሽማግሌ ወደ ሾላው ሄደ። ቆይቶ ሌላ። ቆይቶ ሁለት። የሚሆነውን ያወቀችው በኋላ ነው። የልምድ አዋላጇ እማማ ቦጋለች ጠዋት ከጓዳ ወጥተው «እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም። እጄን አንሥቻለሁ። ሲስተሯን ጥሩ» ብለው ነበር። ኑርዬም እምቢ አላሉም። ነገር ግን በቅሬ የወጣችውን በቅሬ ሳያስገቡ መጥራት ሕግ ማፍረስ መሰላቸው። ራሳቸው ያወጡትን ራሳቸው ለቤታቸው ሲሉ ቢያፈርሱ ነገ ማን ይሰማቸዋል? «ቅሬው ይሰብሰብና ያንሣው» አሉ።

ቅሬው ደግሞ በጦርነቱ ተበትኗል። ግማሹ ዋሻ ገብቷል፤ ግማሹ ከብት ይዞ ቆላ ወርዷል። አንድ ሰው ሲመጣ ሌላ ይጠበቃል። ለማስወጣት አንድ አፍ በቅቶ ነበር። ለማስገባት ግን ጉባኤው እስኪሞላ ተጠበቀ።

ስምንት ሰዓት ላይ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ወርደው ሰዎቹን ከሾላው ሥር አገኟቸው። ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ኑርዬ፣ ልጅቷ እያጣጣረች አንተ ሰው ትቆጥራለህ?»

ሐሰን ጉባኤው ምን እንዳለ ለመስማት አልቆየም። ሮጠ። ሀውራ ደጅ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ መናገር አልቻለም። መናገርም አላስፈለገውም። እሷ ተነሥታ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው እየሮጡ።

«ከትናንት ማታ።»



ሕፃኑ ከሰዓት በኋላ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ሀውራ በመተንፈሻው አየር እየሰጠች፣ ደረቱን በሁለት ጣቷ እየተጫነች ብዙ ቆየች። ከልክ በላይ ቆየች። እማማ ቦጋለች ትከሻዋን ነኩና «በቃ ልጄ» አሏት።

በዚያው ቅጽበት ከእናትየው ደም ወረደ።

የዚያችን የቃሬዛዋን ሴት ደም ይመስል ነበር። አሁን ግን ሀውራ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። መድኃኒቱን ወጋቻት። ፊኛዋን ባዶ አደረገች። ሆዷን አሸች፤ አልቆም ሲል አንድ እጇን ከውስጥ አንድ እጇን ከላይ አድርጋ ማሕፀኑን ጨምቃ ያዘች። እጇ ደነዘዘ። አልለቀቀችም። ሀጀራ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዱዓ ታደርጋለች። ደሙ ቀነሰ። ቆመ። ኡሙሀኒ ዓይኗን ገለጠች።

«ሲስተር፣» አለች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አይዞሽ፣ አብሽሪ።»

ሕፃኑን በዚያው ቀን ቀበሩት። ቀባሪዎቹ አምስት ነበሩ።

ሀውራ እጇን ታጥባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሦስት ቀን ኡሙሀኒን እየተመላለሰች አየች። ሰው ሰላም አላት። ሰላምታውን መለሰች። ሌላ አልተናገረችም። ሰው ሁሉ ሲሸሽሽ ቆይቶ በአንድ ቀን ሲመጣ ወዲያው ደስ አይልም።

በአራተኛው ቀን ኑርዬ መጡ። ከኋላቸው መሪጌታ ወረቀትና ማኅተም ይዘዋል፤ ሐሰን አንገቱን ደፍቷል። ኑርዬ ሳይቀመጡ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ለእኔ የነገርኸኝን ለእሷ ንገራት።»

ሐሰን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ያን ዕለት ስልክሽን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ምንም የተቀረጸ አልነበረም። ማጥፋትሽንም አላየሁም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርህም?» አሉት አባቱ።

«ሰው ሁሉ ቀርጻለች ብሎ ነበር፣ አባ። ስልክ ነጥቄያታለሁ። ተሳስቻለሁ ማለት አፈርሁ።»

«እኔስ?» አሉ ኑርዬ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ምን እንዳደረገኝ እንጃ። ሦስት ዓመት ከደጄ በላይ ተቀምጠሽ ስትማሪ፣ ልጄ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም።»

«እኔም አልነገርኋችሁም፣ ጋሽ ኑርዬ።»

«አንቺ የፈራሽው እኛን ነው። እኛ ማንን ፈርተን ነው?»

መሪጌታ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን» አሉ ኑርዬ።

ሀውራ አቋረጠቻቸው። «ለትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው ሐሰን ስልኩን በስሕተት እንደ ወሰደውና መንገድና ስልክ እንደ ተዘጋ ብቻ ነው። ሌላው ይቅር።»

«አይቀርም» አሉ ኑርዬ። «ጻፉ፣ መሪጌታ። ሳንጠይቅ ከሰስናት። ለስድስት ወር ከሰው አራቅናት። ምስክርነቱን ስትለምነን ደጅ ዘጋንባት። የዘገየው በእሷ ጥፋት አይደለም፤ በእኛ ነው። እንዲህ ብለው ይጻፉ። ስሜንም ከታች።»

መሪጌታ ጻፉ። ኑርዬ ፈረሙ። ሐሰን ፈረመ። የቅሬው ማኅተም ታተመ።

መንገዱ የተከፈተው በታኅሣሥ ነው። ገንደወይራ ላይ ስልክ ገና ስላልተመለሰ ወደ ሐይቅ መውረድ ነበረባት። ኑርዬ «ብቻሽን አትሄጂም» ብለው አብረዋት ወረዱ። ሚኒባሱ በተቃጠሉ መኪኖች መካከል እየተሹለከለከ አደረሳቸው። እናቷ ቤት ደጃፍ፣ ሐይቁ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ላይ፣ ሀውራ ደብዳቤውን ፎቶ አነሣች፤ እንግሊዝኛውን ከሥሩ ጽፋ ላከችው።

ኑርዬ ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩ። «ሄደ?»

«ደረሰ።»

«ባሕር ማዶ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ሐይቁን አሻግረው አዩ። «ከእኔ ቤት እስከ አንቺ ቤት ግን ስድስት ወር ፈጀበት» አሉ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ክሱን አነሣ። በየካቲት እንደገና ተፈተነች፤ አለፈች። የዲግሪ ወረቀቱ ተጣርቶና ተመዝግቦ እጇ የገባው ኅዳር ፪ ሺህ ፲፭ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ያን ጊዜ ገና በሩ እየተገጠመ ነበር። እንሂድ፣ ከተማ ይሻልሻል ያሏት ነበሩ። አልሄደችም። ብቸኝነቱ ለቀቃት ማለት ግን አይደለም። ዛሬም ሰው ጠርቷት ስትገባ አንድ ጊዜ ደጁ ላይ ቆም ትላለች።

ቅሬው ሁለት ነገር ወስኗል። ሰው ከመቀጣቱ በፊት ሁለት ሽማግሌ ቤቱ ሄደው ይጠይቁታል። በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ደግሞ ቅሬ አይገባም። ቅሬም፣ ዕድርም፣ ማኅበርም ያላችሁ ሁሉ ይህንን ብትወስኑ አይከብድም። ጎረቤታችሁ የማይገባችሁን ነገር ሲሠራ ብታዩ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁት። የምትማሩም ንገሩ፤ ቢስቁባችሁም ንገሩ።

ወረቀቱ በመጣ ሳምንት ቅሬው ከሾላው ሥር ተሰብስቦ ሀውራን እንኳን ደስ ያለሽ አላት። መሪጌታ መረቁ። እማማ ቦጋለች እልል አሉ። ሰው «ዳኛው ይናገሩ» አለ። ኑርዬ ተነሡ።

«ያኔ አንድ ሰው ቤቷ ልከን ብናስጠይቅ ኖሮ፣» አሉ፣ «ዛሬ እዚህ መሐላችን እየወደቀ የሚነሣ የአንድ ዓመት ልጅ ይኖረን ነበር። ሌላ የምናገረው የለኝም።»

ተቀመጡም። ሀውራ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ሄደችና ኡሙሀኒ አጠገብ ተቀመጠች።